አጥንት የሚለይ ሐኪም

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት በሚሰጠው የአገልግሎት ዓመት መንዝ ተመድቤ መሐል ሜዳ አስተምር ነበር። ጥምቀት አልፎ፣ ውርጩ ማለዳ ማለዳ ሣሩን የሚያነጣበት ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ከእናቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩትም። ሰው ፊት ማውራት አይሆንልኝም። መጻፍ ግን ይቀለኛል። የምጽፈውም አንዲት እናት አንድ ዕለት ፊቴ ቆመው የጠየቁት ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ስለቀረ፣ ከእሳቸውም ወደ እኔ ስለተዛወረ ነው።

አስቀድሜ ስለ ጥርሴ መናገር አለብኝ። የታችኞቹ የፊት ጥርሶቼ ቦታ ጠቧቸው የበቀሉ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ጨርሳ በጎኗ ዞራለች፤ በጠባብ በር ሾልኮ እንደሚገባ ሰው ትከሻዋን አስቀድማ ነው የቆመችው። ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ልጆች ያቺን ጥርስ “ሰልፍ የማታከብር” ይሏት ነበር። ስሙ ከጥርሷ አልፎ የኔ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስስቅ በነጠላዬ ጫፍ ወይም በእጄ አፌን መሸፈን ለመደብኝ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላም፣ መልሱን እያወቅሁ እጄን ሳላወጣ የቀረሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

መሐል ሜዳ ስደርስ ተማሪዎቼ ይህን ልማዴን ወዲያው አዩት። ነገር ግን የመንዝ ልጅ ጨዋ ነው፤ አፌን የምሸፍነው ብርዱን ፈርቼ ነው ብለው ራሳቸው ምክንያት አበጁልኝ።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አስጠሩኝ። ከአውሮፓ አንድ የጥርስ ሐኪም መጥቷል፤ የሰዉን አፍና ፊት እየለካ ሊያጠና ነውና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ አስተርጓሚ ትሆኚዋለሽ አሉኝ። ቀኑን ሙሉ በሰው ፊት ቆሞ መናገር ማለት ነበር። እምቢ ለማለትም መናገር ያስፈልጋልና ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠሩት።

ሐኪሙ ረጅም፣ ዝግተኛ ጎልማሳ ነበር። ብርዱ አፍንጫውን አቅልቶት ነበር። ሥራውን በትዕግሥት አስረዳኝ። በአገሩ የልጆች ጥርስ ሲጣመም በቀጭን ሽቦ ቀስ በቀስ እየሳቡ የሚያቃኑ ሐኪሞች አሉ፤ እሱም ከነዚህ አንዱ ነው። ለማቃናት ግን መጀመሪያ “ቀና” የሚባለው የቱ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ለዚህ ሠንጠረዥ አላቸው። ሠንጠረዡ የተሠራው ደግሞ ከነሱው አገር ሰዎች ፊት ነው።

“በእኛ ልክ የሌላውን ሕዝብ ስንለካ ጤነኛውን ሁሉ በሽተኛ እናደርገዋለን” አለኝ። ስለዚህ በየአገሩ እየዞረ፣ የየሕዝቡን መንጋጋና ጥርስ እየለካ ለየራሱ ሠንጠረዥ ያወጣል። በሌሎች ደጋ አገሮቻችን የጀመረው ሠንጠረዥ ነበረው፤ መንዝ የመጣው እሱን ሊሞላ ነው። ሐሳቡ መልካም መሰለኝ። ዛሬም መልካም ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሰው ሊያይ መጣ፤ አፉን የሚከፍት ግን ጠፋ። ሐኪሙ የፊት አጥንት የሚለካበት እንደ ጉጠት የታጠፈ ብረት ነበረው፤ ሰዉ እሱን ሲያይ ይሸሻል። አንድ ሽማግሌ “ጥርሱ የሚታየው የሚሸጥ በቅሎ ነው፤ እኔን ማን ገበያ አወጣኝ?” ብለው ሰዉን አሳቁት።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እንደማያምም እንዲያዩ በአንቺ ልጀምር አለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፌን ከፈትኩ። እንደ ሰም የለሰለሰ ነገር በትንሽ የብረት መያዣ ሞልቶ አስነከሰኝ። የጥርሴን ቅርጽ በያዘው ሰም ላይ ጄሶ አፈሰሰበት። ጄሶው ሲደርቅ ሰሙን አነሳው። ጥርሶቼን ከራሴ ውጭ ሆኜ ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ያቺ አንዷም ትከሻዋን አስቀድማ እዚያ ቆማለች።

መንጋጋዬን በብረቱ ለክቶ ወረቀቱን አየና ሳቀ። በዚህ ሠንጠረዥ መሠረት አንቺ የዚህ ደጋ ሰው አይደለሽም፤ አገርሽን ባትነግሪኝ ኖሮ ከሜዲትራንያን ባሕር ዳር የመጣሽ እል ነበር አለኝ። ቀልዱ ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩ። እናቴ የግሼ ሰው ናት፣ አባቴ የመርሐቤቴ ነው፤ ሰባት ቤት ድረስ ብቆጥር ባሕር ያየ ዘመድ የለኝም። ወዲያው ሌላ ነገር ጨመረ። ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት አዲስ አበባ ይቆያል፤ እዚያ ከመጣሁ ያቺን ጥርስ ነቅሎ የቀሩትን በሽቦ ሊያቃናልኝ ይችላል። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ለማንም አላሳየሁም። ያን ማታ ግን ሳልሸፍን የምስቅበትን ቀን እያሰብኩ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ሞልቶ ፈሰሰ። ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ጭቃ ሹሙ የሐኪሙን ሥራ በገበያ ሊለፍፉ ፈልገው ጠይቀውኝ ነበር። እኔም የፊት አጥንትና ጥርስ ከሕዝብ ሕዝብ እንዴት እንደሚለያይ ለማጥናት መሆኑን በጥንቃቄ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። እሳቸውም “መምህርት፣ ይህን ሁሉ እስክናገር ገበያው ይበተናል” አሉና አሳጥረው ለፈፉት፦ “አጥንት የሚለይ ሐኪም መጥቷል!”

በመንዝ አጥንት ማለት ዘር ነው። ዘር ማለት ደግሞ ርስት ነው። ሰዉ የመጣው ጥርሱን ሊያሳይ ሳይሆን ክርክሩን ሊያስቆርጥ ኖሯል። በአንድ ማሳ የሚካሰሱ ሁለት ሰዎች ከአንድ አያት መውረድ አለመውረዳቸው እንዲለይላቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው አፋቸውን ከፈቱ። ጥርሳቸው የረገፈ አንድ አዛውንት “ጥርስ ከሌለኝ ርስትም የለኝም ማለት ነው?” ብለው በእውነት ተጨንቀው ጠየቁኝ። ለእያንዳንዱ ሰው ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ አስረዳሁ። ሰሙኝ፤ አላመኑኝም። ሐኪሙ ብቻ ሕዝቡ ለሳይንስ ባለው ፍቅር ተደንቆ ቀረ።

የሚያስቅ ነገርም ነበር። አንዲት ፍንጭት ያላት ሴት ስትመረመር ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገና በአገሩ እንዲህ ያለውን ክፍተት በሽቦ እንደሚዘጉት ነገረኝ። ተረጎምኩላት። “ምነው፣ ቤቱ ደጅ አይኑረው ነው የሚለው?” አለች። እሱም ሲተረጎምለት ሳቀ፤ ምልክቱንም ሰረዘው።

የጄሶ ጥርሶቹ እንዲደርቁ በክፍሉ በረንዳ፣ በረጅም አግዳሚ ላይ በተርታ ይቀመጡ ነበር። የመንዝ ፀሐይ ላይ ነጭ ሆነው፣ ፊት የሌላቸው አፎች። ሊናገሩ ከፍተው የቀሩ ይመስሉ ነበር። በአጠገባቸው ሳልፍ እፈጥናለሁ። የኔው ከዳር ነበር።

ሐኪሙ ሊሄድ ዕቃውን መሰብሰብ በጀመረበት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አንዲት አሮጊትና አንድ ቄስ መጡ። ሴቲቱን እማማ ወርቄ እላቸዋለሁ፤ ቄሱን መምሬ ወልዴ። እማማ ወርቄ ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈው ነበር፤ የሚጠባ ሕፃን እንደሚታቀፍ። መምሬ ወልዴ ፊታቸው አልተፈታም። መምጣቱን እንዳልወደዱት ያስታውቃል።

ጨርቁ ሲፈታ ውስጡ የሰው የታችኛው መንጋጋ ነበር።

ታሪኩን የነገሩኝ መምሬ ወልዴ ናቸው። በጠላት ጊዜ፣ ያኔ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ የእማማ ወርቄ አንድ ልጃቸው ታደሰ ከአርበኞች ጋር ገደላማ ወደሆነው የወንጪት ቆላ ወርዶ ሳይመለስ ቀረ። ጠላት ከወጣ በኋላ አንድ ጓደኛው ገደሉ ውስጥ ገብቶ አፅሙን ለቅሞ፣ በበርኖስ ጠቅልሎ አመጣላቸው። በርኖሱ የታደሰ ነው ተባለ። ያመጣውም ሰው ሞቷል። በዚያ ገደል የእኛም የነሱም ሰው ብዙ ወድቆ ነበር፤ ጅብና ጎርፍም ቀላቅሎታል። ያም ሆኖ አፅሙ በሚካኤል ግቢ ተቀበረ፤ ፍትሐት ተፈታለት፤ ተዝካሩም ወጣ።

አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ሊታደስ ነው። የጓሳ ሣር ክዳኑ ወርዶ በቆርቆሮ ሊለወጥ፣ ግድግዳውም ሊሰፋ ስለሆነ በዙሪያው ያሉት መቃብሮች ይነሣሉ። ባላቸውና ልጃቸው አንድ ላይ በአዲስ መቃብር ሊያርፉ ነው፤ ለእማማ ወርቄም እዚያው ስፍራቸው ተለክቷል። የልጃቸው አፅም ሲወጣ ግን መንጋጋውን አዩትና ልባቸው ተጠራጠረ።

“የመጣ ዕለት እንባ ጋርዶኝ ነበር” አሉ እማማ ወርቄ። “አሁን ግን አየሁት፣ ጥርሱ የተደራረበ ነው። ልጄ ፍንጭት ነበረው፣ ላይኛው ላይ። በሱ እለየው ነበር፤ ላይኛው ደግሞ ተሰባብሮ ነው የመጣው። የታችኛውን ማን አየው? ልጅ ሲስቅ የሚታየው የላይኛው ነው።”

ቀጥለው የመጡበትን ነገር ተናገሩ። ይህ ልጃቸው ካልሆነ ታደሰ እስከ ዛሬ ገደል ውስጥ ነው፤ ያለ ፍትሐት። እሳቸውም ነገ ከማን ጎን እንደሚተኙ ማወቅ ይፈልጋሉ። “አጥንት የሚለይ ሐኪም አለ ሲሉ ሰማሁ። ይህ ልጄ ነው? ይህን ብቻ ጠይቂልኝ የኔ ልጅ።”

ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። እጁን ታጠበ። መንጋጋውን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ አክብሮ ነበር የያዘው። ለካ፤ ሠንጠረዡን አየ፤ እንደገና ለካ። ከዚያ ቅርጹ ከዚህ ሕዝብ ሠንጠረዥ ውጭ እንደሆነ፣ የተጨናነቁት የፊት ጥርሶችም በዚህ ደጋ ብዙ እንዳላጋጠሙት ነገረኝ። የነበረውን ጦርነት ስለሚያውቅ ምናልባት የጣልያን ወታደር ይሆናል አለ። እንግሊዝኛ ነበር የተናገረው። አንዷ ቃል ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

“ጣልያን አለ?” አሉ እማማ ወርቄ።

መምሬ ወልዴ ከተቀመጡበት ተነሡ። “ከሆነማ በግቢው አያድርም” አሉ። ከአጥር ውጭ ይጣላል ማለታቸው ነው።

ሐኪሙን ጠየቅሁት። ስለ አንድ ሰው ይህን በእርግጥ መናገር ይቻላል ወይ? አሰበና ራሱን ነቀነቀ። ሠንጠረዥ ስለ ብዙ ሰው ይናገራል፤ ስለ አንድ ሰው ግን ቢስት አይታወቅበትም አለ። ይህንንም እንዳለ ተረጎምኩ። መሰለው እንጂ አላወቀም፣ እማማ አልኳቸው። እሳቸው ግን ከመጀመሪያዋ ቃል ወዲህ አልሰሙኝም። ጨርቁን መልሰው ሊጠቀልሉ ጀምረው ነበር። እጃቸው መሐል ላይ ቆመ። ከዚያ ከጨርቁ ላይ ቀስ ብለው አነሱት፤ ትኩስ ነገር የነኩ ያህል። ያን ሁሉ ዓመት ያለቀሱለትን አጥንት መንካት ተዉ።

ያን ሳይ ዝም ብዬ መቆም አልቻልኩም። ወደ በረንዳው ወጥቼ የራሴን የጄሶ ጥርስ አመጣሁ።

“እማማ፣ ይህ የኔ ጥርስ ነው” አልኳቸው።  “በዚሁ መለኪያ እኔንም የዚህ ደጋ ሰው አይደለሽም ብሎኛል፤ ከባሕር ማዶ ነሽ ብሎኛል። እናቴ የግሼ ሰው ናት። አባቴ የመርሐቤቴ ነው። እኔን ከሳተ እሱንም ሊስት ይችላል።”

ጄሶውን ከመንጋጋው ጎን አስቀመጥኩት።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እስከዚያ ድረስ መንጋጋውን በደንብ አላየሁትም ነበር፤ ፈርቼ ዓይኔን አሸሽ ነበር። የፊት ጥርሶቹ ተጨናንቀው ስለበቀሉ እርስ በርሳቸው ተያይዘው አልወደቁም። ከመካከላቸው አንዷ በጎኗ ዞራለች። ያችው ጥርስ፣ በዚያው በኩል፣ ትከሻዋን አስቀድማ። ቀጥላ ያለችውም እንደኔው ወደ ውስጥ ሸሽታለች። አንዱ ነጭ፣ አንዱ አፈር የጠጣ፤ ሌላ ልዩነት አልነበራቸውም።

ሐኪሙ ብረቱን አንስቶ አንዱን ለካ፣ ሌላውን ለካ። መሳቁን ትቶ ነበር። በዚህ አገር ዘመድ አለሽ ወይ ብሎ በዝግታ ጠየቀኝ።  መምሬ ወልዴ ወንጪት ብለው ሲጠሩ ውስጤ የተነቃነቀውን ነገር ያን ጊዜ አወቅሁት።

እማማ ወርቄ ዓይናቸው ከጄሶው ወደ አጥንቱ፣ ከአጥንቱ ወደ እኔ ሄደ። እጄ እንደ ልማዱ አፌ ላይ ነበር።

“እጅሽን አንሺው” አሉኝ።

አነሣሁ። ጠጋ ብለው አገጬን ያዙ። ጣቶቻቸው የቀዘቀዙ ነበሩ። አፌን ከፍተው ለረጅም ጊዜ አዩ።

“እናትሽ ወንድም ነበራት?”

ነበራት። ስሙ ዘነበ ነው። በጠላት ጊዜ ከግሼ ተነሥቶ ወደ ወንጪት ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ይህን በቤታችን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ማንም አያነሳውም። አያቴ “አፅሙን ሳላይ ተዝካር አላወጣም” ብላ፣ ሳታይ፣ ሳታወጣም ሞተች። ለእማማ ወርቄ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ዋሽቼ ማለፍ ይቻል እንደነበር ያሰብኩት በኋላ ነው።

“ልጄን ልትወስጂብኝ ነው?” አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

“አይደለም እማማ። እኔም አላውቅም።”

ሐኪሙን ደግሜ ጠየቅሁት። እንዲህ ያለ ጥርስ በዘር ይወርዳል፤ ዝምድና በሌላቸው ሰዎችም ላይ ይገጥማል አለ። ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። ይህን ስተረጉም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቃል ከብዶኝ አያውቅም። ታደሰ የታችኛው ጥርሱ ተደራርቦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው በአገሩ አልነበረም። እንዳልተደራረበ የሚምልም አልነበረም።

መምሬ ወልዴ ተመልሰው ተቀመጡ። የጣልያኑ ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ረጋ ብለው “የአጎትሽ የክርስትና ስሙ ማን ነው?” አሉኝ። የሞተ ሰው ፍትሐት የሚፈታለት በክርስትና ስሙ ነው፤ ዘነበ ብሎ ነፍስ አይጠራም።

አላውቀውም ነበር። እናቴም እንደማታውቀው አውቅ ነበር። አያቴ የልጆቿን የክርስትና ስም ትደብቅ ነበር፤ መተተኛ እጅ እንዳይገባ። ስሙ የሚወጣው በተዝካሩ ነበር። ተዝካሩ ግን አልወጣም።

  እማማ ወርቄ እጃቸውን መልሰው ጨርቁ ላይ አሳረፉ።

“እንግዲህ አንቺ አጥንት አለሽ፣ ስም የለሽም” አሉ። “እኔ ስም አለኝ፣ አጥንቱን እንጃ። የልጄን ስም ይዞ ይተኛ።”

ጠቀለሉት። እንደ አመጣጣቸው ደረታቸው ላይ አቀፉት። በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና በቀብሩ እንድገኝ አዘዙኝ። ለመኑኝ አልልም፤ አዘዙኝ።

አፅሙ ተመልሶ ሲቀበር ከእሳቸው ጎን ቆምኩ። ነፋሱ ከጓሳ በኩል ይነፍስ ነበር፤ የወረደው የክዳን ሣር ግቢው ውስጥ ተከምሮ ይንኮሻኮሻል። መምሬ ወልዴ ጸሎቱን እያደረሱ ከስሙ ደረሱ። “ገብረ ሕይወት” አሉ፤ የታደሰ የክርስትና ስም ነው። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቃል አላለፉም። ወደ እኔ ተመለከቱና ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አሉ። ሌላ ስም የሚገባበት ቦታ ነበር። ባዶውን አለፈ፤ ጸሎቱ ቀጠለ። እማማ ወርቄ እጄን ይዘውኝ ነበር፤ በዚያች ትንፋሽ ጊዜ ጨመቁኝ። አለቀሱ። እኔ ግን ለማን እንደማለቅስ አላወቅሁም፤ እንባዬ አልመጣም።

ሐኪሙ የጄሶ ጥርሶቹን በገለባ ሸፋፍኖ በሣጥን ከተተ። የኔንም አብሮ። መንጋጋውን በሠንጠረዡ ውስጥ እንዳላስገባው ነገረኝ። የቱ ጋ ልጽፈው አለኝ። ሲሰናበተኝ አዲስ አበባ መምጣቴን እንዳልረሳ አስታወሰኝ።

ለፋሲካ አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ምስር እየለቀመች ነበር። ጎኗ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ድረስ ጣቷ ከሰፌዱ ላይ አልተነሣም፤ መልቀሙን ግን ትታ ነበር።

“ነይ ወደ መስኮቱ” አለችኝ። “አፍሽን ክፈቺ።”

ከፈትኩላት። እናቴ ጥርሴን እንደዚያ አይታ አታውቅም።

“እንዲህ ነበር?” አልኳት።

“እኔ እንጃ” አለች። “ልጅ ነበርኩ። ፎቶግራፍ የለው። ፊቱን ላስታውስ ባልኩ ቁጥር ያንቺ ፊት ነው የሚመጣብኝ። ከተወለድሽ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አንቺ ሸፍነሽው ይሁን፣ እሱ አንቺን መስሎ ይሁን፣ አልለየውም።”

መንዝ ሄጄ መቃብሩን ልይ አለች። ልብሷንም አዘጋጀች። በማግሥቱ ግን ነጠላዋን መልሳ አጠፈችው። “ሄጄ ማን ብዬ ላልቅስ?” አለች። ጧፍ ገዝታ ሰጠችኝ፤ ስመለስ በሚካኤል አበራሁት። እማማ ወርቄ ለማን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

አዲስ አበባ ሳለሁ ሐኪሙ ገና አልሄደም ነበር። ያለበትን ቤት አውቀው ነበር፤ ደጁ ድረስም ሄጄ ነበር። አልገባሁም። ያቺ ጥርስ ከተነቀለች ለእናቴ ወንድም ሌላ ምስክር የለውም ብዬ አሰብኩ። ምናልባት ምስክርነቷ ሐሰት ነው። ምናልባት እዚያ የተኛው ታደሰ ነው፤ የእናቱ ልጅ በእናቱ እጅ የተቀበረ። እንዲያ ከሆነ አጎቴ አሁንም ወንጪት ውስጥ ነው። አንዱ እንዲያርፍ ስመኝ ሌላውን ገደል እንደምጨምረው ይሰማኛል፤ ስለዚህ መመኘት አቁሜአለሁ።

እማማ ወርቄ አምና አረፉ። መምሬ ወልዴ በተለካላቸው ስፍራ፣ ከባላቸውና ከዚያ አጥንት ጎን እንደቀበሯቸው በሰው ላኩብኝ። ጥያቄያቸው አሁን እሳቸው ዘንድ ተመልሷል ወይም ተመልሶላቸዋል። እኔ ዘንድ ያለው እንዳለ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የሙታን ስም ሲጠራ፣ በስምና በስም መካከል ቄሱ ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል።

አሁን ሥራ ይዤአለሁ፤ ከሰው ጋር መነጋገርም በመጠኑ ለምጃለሁ። ስስቅ ግን ዛሬም አፌን እሸፍናለሁ። ድሮ የምሸፍነው የራሴ ጥርስ አሳፍሮኝ ነበር። አሁን የማላውቀውን ሰው ሳላስፈቅድ የማሳይ ስለሚመስለኝ ነው።